ወደ ቤት የተመለሰ ፍሳሽና የማዘጋጃ ቤት ኀላፊነት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድ፣ በሴንት ጆንስ ከተማ አካባቢ ከተለመደው መጠን ያለፈ ከባድ ዝናብ ጣለ። በዚያው ዕለት በአንድ መኖሪያ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል ውስጥ ብዙ ውሃ ገብቶ ተገኘ። የአካባቢውን የውሃና የፍሳሽ መስመር የሚያስተዳድረው የሴንት ጆንስ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ቦርድ ነበር፤ ጉዳዩ ሲመረመርም ውሃውን ወደ ቤቱ የመለሰው የዝናብ ውሃ መውረጃው ቧንቧ መዘጋት መሆኑ ታወቀ። ባለቤቶቹ ቦርዱን ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለባለቤቶቹ ፈረደ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1989 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ መልሶ አጸናው። የአንድ ቤት የምድር ውስጥ ክፍል ርሶ ለመድረቅ የወሰደበት ጊዜ አጭር ነበር፤ ሕጉ ግን ስምንት ዓመት ፈጀበት።

በዚህ ክርክር ትኩረት የሚስበው ነገር ቦርዱ ቸል ብሏል ተብሎ አለመፈረዱ ነው። መስመሩን በተንኮል የዘጋ ሰው የለም፤ ሥራውን ትቶ የጠፋ ሠራተኛም አልተገኘም። ይሁንና የቤቱ ባለቤቶች ንብረታቸው ተበላሽቷል። እንግዲህ ጥያቄው ማን አጠፋ የሚለው መሆኑ ይቀርና፣ ጥፋተኛው ተለይቶ ባልታወቀበት ጊዜ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው ወደሚለው ይሻገራል። ስለ ፍሳሽ መስመር በተለያዩ አገሮች የተሰጡት ፍርዶች ሁሉ የሚለያዩት ለዚህ ጥያቄ በሰጡት መልስ ነው።

ፍርዶቹን ከመመርመር አስቀድሞ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚደርስ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከማኅበሩ አባላት መካከል ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ቧንቧውን ግን በቅርብ ያላዩ አይጠፉም። የፍሳሽ መስመር በአብዛኛው የሚሠራው በተዳፋት ኀይል ነው። ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ቧንቧው በቅባት፣ በጨርቅ ወይም በዛፍ ሥር በተዘጋ ጊዜ፣ አለዚያም የዝናብ ውሃ ከአቅሙ በላይ በሞላው ጊዜ፣ ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ ከመዘጊያው በስተጀርባ እየተጠራቀመ ከፍ ይላል። ከፍ እያለም ሄዶ የሚወጣው በመጀመሪያ ባገኘው ዝቅተኛ ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ በመንገድ ላይ ያለ የማንሆል ክዳን ከሆነ ፍሳሹ በአስፋልቱ ላይ ይፈስሳል፤ መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ይወቀሳል። ቀዳዳው ከማንሆሉ ክዳን ዝቅ ብሎ የተሠራ የአንድ ቤት መታጠቢያ ወይም መጸዳጃ ከሆነ ግን የሰፈሩ ሁሉ ፍሳሽ በዚያ ቤት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ተጎጂው ተለይቶ የሚታወቀው በቤቱ ወለል ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውሃ ሲለቅቁ በታች ያለው ሰው ይቀበላል፤ ይህንንም እነርሱ ላያውቁት ይችላሉ።

ወደ ካናዳው ፍርድ እንመለስ። የቦርዱ ዋና መከላከያ በእንግሊዝ ሕግ ሥርዐት ውስጥ ከቆየ ሐሳብ የተወሰደ ነበር። ይኸውም አንድ የሕዝብ አካል ሕግ አውጪው በፈቀደለት ሥራ ላይ ሳለ ከሥራው የማይቀር ሁከት በጎረቤት ላይ ቢደርስ አይጠየቅም የሚል ነው። ሕግ አውጪው ሥራው ይሠራ ብሎ ከፈቀደ፣ ከሥራው ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የማይቀር ጉዳትም አብሮ ፈቅዷል ማለት ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ «የማይቀር» የምትል አንዲት ቃል አለች፤ የክርክሩ ክብደት በሙሉ ያረፈውም በእርስዋ ላይ ነው።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ቦርዱ ይክፈል በሚለው ውጤት ተስማሙ፤ በምክንያቱ ግን በሦስት ተከፈሉ። ዳኛ ዊልሰን፣ ከሌሎች ሁለት ዳኞች ጋር ሆነው፣ ሕጉ ቦርዱን የፍሳሽ መስመር እንዲዘረጋ ፈቀደለት እንጂ በዚህ ቦታ፣ በዚህ መንገድ ዘርጋ ብሎ አላዘዘውም፤ ቦታውንና ዘዴውን ለቦርዱ ምርጫ የተወለት ከሆነ ደግሞ ቦርዱ የሰውን መብት ሳይነካ የመሥራት ግዴታ አለበት አሉ። ዳኛ ላ ፎሬ፣ ከፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጋር ሆነው፣ ከዚህም ርቀው ሄዱ። በእርሳቸው አስተያየት የመስመሩ ጥቅም የሁሉም ተጠቃሚ ነው፤ መስመሩም አልፎ አልፎ መዘጋቱ ከአገልግሎቱ ጋር የሚሄድ ወጪ ነው፤ ወጪውን አንድ ቤተሰብ ብቻውን እንዲከፍል ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ዳኛ ሶፒንካ ብቻቸውን ሆነው የቆየውን መከላከያ ሳይሽሩ በሩን አጠበቡት። የሕዝቡ አካል ጉዳቱ የማይቀር ነበር ካለ ራሱ ያስረዳ፤ ሌላ የሥራ ዘዴ እንዳልነበረ፣ ጉዳቱን ማስቀረትም በተግባር የማይቻል እንደነበረ ያሳይ፤ በጥንቃቄ ሠርቻለሁ ማለት ወይም ሌላው ዘዴ ውድ ነበር ማለት አይበቃም አሉ።

ብቻቸውን የቆሙት ዳኛ ሐሳብ ነው ኋላ ሕግ ሆኖ የጸናው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ከተማ ስለ ባቡር ሐዲድ በተነሣ ሌላ ክርክር የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኛ ሶፒንካን አካሄድ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። ምርጫው አስተዋይነት የተመላበት ይመስላል። የዳኛ ላ ፎሬ ሐሳብ ለልብ የቀረበ ቢሆንም ማዘጋጃ ቤትን ያለ ወሰን የመድን ድርጅት ያደርገዋል፤ የዳኛ ዊልሰን ሐሳብ ደግሞ ክርክሩን ወደ ሕግ ቃላት ትርጉም ይመልሰዋል። የማስረዳትን ሸክም ማዛወር ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ቧንቧው መቼ እንደተጸዳ፣ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ በካሜራ መቼ እንደታየ፣ ዲያሜትሩ ስንት ቤት እንዲሸከም ታስቦ እንደተመረጠ የሚገልጸው መዝገብ ያለው በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ነው። ወለሉ ላይ ፍሳሽ ተኝቶ ያገኘው የቤት ባለቤት ይህን መዝገብ አያውቀውም፤ ቢጠይቅም በቀላሉ አይሰጠውም። እንዲያስረዳ የሚገደደው መዝገቡ ያለው ወገን ከሆነ መዝገቡ ይወጣል፤ መዝገቡን ያልያዘ መሥሪያ ቤትም አለመያዙ ራሱ ያስጠይቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ እንዳይታለፍ፤ በዚያው ፍርድ ውስጥ ባለቤቶቹ ያነሡት ሌላ ምክንያት ተቀባይነት አላገኘም። በእንግሊዝ ሕግ በ19ኛው ምእተ ዓመት የተቋቋመው፣ ሰው በመሬቱ ላይ ያከማቸው አደገኛ ነገር ቢያመልጥ ያለጥፋት ይጠየቃል የሚለው ደንብ ለፍሳሽ መስመር አይሠራም ተባለ፤ ምክንያቱም ለከተማ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር መዘርጋት እንግዳ ወይም ያልተለመደ የመሬት አጠቃቀም አይደለም። ይህ ነጥብ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ሲነገር ይመለስበታል።

ካናዳ የቤቱን ባለቤት የደገፈችውን ያህል እንግሊዝ ፊቷን አዞረችበት። በለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ ስታንሞር በተባለው ሰፈር፣ አንድ የቤት ባለቤት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደጋጋሚ በፍሳሽና በዝናብ ውሃ ይጥለቀለቅ ነበር። መስመሩ የተዘረጋው በ1930ዎቹ ነበር፤ በተዘረጋበት ጊዜ በቂ ነበር፤ ኋላ ግን ቤቶች እየበዙ፣ ሁሉም ከመስመሩ ጋር እየተገናኙ ስለ ሄዱ አቅሙ አነሰ። ባለቤቱ ከ16,000 ፓውንድ በላይ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ መከላከያ ሠራ፤ ይህም ቤቱን እንጂ ግቢውን አላዳነለትም። ክሱ የቀረበው በቴምዝ ውሃ ኩባንያ ላይ ነበር፤ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ግል ኩባንያ ተላልፎ ስለነበር ማዘጋጃ ቤት የሚባለው ተከሳሽ በዚህ ክርክር ውስጥ የለም።

የጌቶች ምክር ቤት፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. የባለቤቱን ክስ ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በ1991ዱ የውሃ ኢንዱስትሪ ሕግ መሠረት ማንኛውም የቤት ባለቤት ፍሳሹን ከሕዝብ መስመር ጋር የማገናኘት መብት አለው፤ ኩባንያው ሞልቷል ብሎ አይከለክለውም። አዲስ መስመር ለመሥራት ከፍተኛ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም የሚሰበሰበው ከደንበኞች ክፍያ ነው፤ የትኛው ሰፈር ይቅደም የሚለውን የሚመዝነው በሕግ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ነው። ፍርድ ቤት አንዱን ከሳሽ ብቻ አይቶ ያንተ ይቅደም ቢል በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎችን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ባለቤቱ አቤቱታውን ለተቆጣጣሪው ያቅርብ ተባለ።

የዚህ ፍርድ ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በጀት መመደብ የዳኛ ሥራ አይደለም የሚለው አስተያየት በየትም አገር እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። አዲስ መስመር ይሠራልኝ ማለትና ለደረሰብኝ ጉዳት ይከፈለኝ ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ወረፋ አለው፤ ሁለተኛው ግን ወረፋ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለውም። ለዚህ ይመስላል ከጌቶቹ አንዱ ሎርድ ኒኮልስ ከውሳኔው ጋር እየተስማሙ፣ የመስመሩ ጉድለት የሚያጠቃቸው ጥቂቶች ለብዙኃኑ ጥቅም ተገቢ ያልሆነ ሸክም ሊሸከሙ አይገባም፤ የካሳው ጉዳይ እንደገና ይታይ ያሉት። ሊቁ ዳኛ ችግሩን አይተውታል፤ መፍትሔውን ግን ከችሎቱ ውጭ አስቀመጡት።

በዩናይትድ ስቴትስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ብቻ ሳይሆን ሲጎዳም ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል። «ሲጎዳም» የምትለው ቃል ለፍሳሽ ክርክር ሰፊ በር ከፈተች፤ ጠበቆችም ከተሞችን ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልጋቸው በዚህ በር ገብተው መክሰስ ለመዱ። በሩን ያጠበበው የኦሮቪል ከተማ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ከአንድ የጥርስ ሐኪሞች ቢሮ መጸዳጃዎች፣ መታጠቢያዎችና የወለል መውረጃዎች ፍሳሽ ገንፍሎ ወጣ። የከተማው ዋና መስመር በዛፍ ሥር ተዘግቶ ነበር። ታችኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ከተማውን ተጠያቂ አደረጉ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በአንድ ድምፅ ሻረው።

የተጎዳው ቢሮ እንጂ መኖሪያ ቤት ባይሆንም፣ በክርክሩ ውስጥ የተነሣው ነጥብ ለመኖሪያ ቤት ይበልጥ ይሠራል። የከተማው የግንባታ ደንብ፣ መውረጃው ከላይኛው ማንሆል ክዳን ከፍታ ዝቅ ብሎ የተሠራ ሕንፃ ሁሉ ፍሳሽ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ እንዲያስገባ ያስገድድ ነበር። ቫልቩ ቀላል ዕቃ ነው፤ ፍሳሹ ሲወጣ የሚከፈት፣ ሲመለስ የሚዘጋ ክዳን ያለው ነው። ሕንፃው ይህ ቫልቭ አልነበረውም። የከተማው መስመር ሲነደፍ ማንሆሎቹ ከቤቶቹ በፊት እንዲገነፍሉ፣ ዝቅ ያሉት ቤቶች ደግሞ በቫልቭ እንዲጠበቁ ታስቦ ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ፣ ከተማው ያለጥፋት የሚከፍለው ጉዳቱ ከሥራው ንድፍ፣ አሠራር ወይም አያያዝ በባሕርዩ የሚመነጭ አደጋ በዋነኛነት ያስከተለው እንደሆነ ብቻ ነው፤ የንድፉ አካል የሆነውን ቫልቭ ያላስገባው ባለቤት ነው ብሎ ወሰነ።

ይህ ፍርድ ለማዘጋጃ ቤቶች ያደላ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በጥሞና ሲታይ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። የፍሳሽ መስመር አንድ ሥርዐት ነው፤ ግማሹ በመንገድ ሥር፣ ግማሹ በግቢ ውስጥ ይገኛል። የግቢውን ግማሽ የሚቆጣጠር መሐንዲስ ለግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ቫልቩ መኖሩን ካላረጋገጠ፣ ኋላ ከተማው «ቫልቭ አልነበረህም» ብሎ ሲከራከር ፈቃዱን የሰጠውም እርሱ ራሱ መሆኑ ሊጠየቅ ይገባል። ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ፣ ተቆጣጣሪም የማይመጣበት ከተማ ቫልቩን ለመከላከያ ሊጠቀምበት ቢፈልግ የዳኛው ጥያቄ እንዲህ ቀላል መሆን የለበትም።

የሚሺገን ግዛት ነገሩን ለዳኞች አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ ተጎጂው በ45 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፣ መስመሩ ጉድለት እንደነበረው፣ መሥሪያ ቤቱም ጉድለቱን ያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበረ፣ ለማረም ሥልጣን እያለው በተገቢው ጊዜ ተገቢውን እንዳላደረገ፣ ጉድለቱም ለጉዳቱ ከመቶ 50 ወይም ከዚያ በላይ ምክንያት እንደሆነ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ግልጽነቱ ይመሰገናል። ሸክሙን ግን መዝገብ በሌለው ሰው ጫንቃ ላይ ጭኖታል።

አሁን ወደ አገር ቤት። በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤት በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ሲገለገል ስለኖረ ይህ ዐይነት ክርክር በብዛት አልታየም። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተስፋፉ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። በአምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ቋሚ ቧንቧ የሚገለገሉ ቤተሰቦች ፍሳሽ ሲዘጋበት ዝቅተኛው ቀዳዳ የምድር ቤቱ ነዋሪ መጸዳጃ ነው። በዚህ ጊዜ ጠበቃ በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው፣ መዘጊያው የት ነው የሚለውን ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ነው። መዘጊያው በሕንፃው ቧንቧ ውስጥ ከሆነ ተከሳሹ የባለቤቶቹ ማኅበር እንጂ መንግሥት አይደለም። ከግቢው አልፎ በመንገዱ መስመር ከሆነም «ማዘጋጃ ቤት» ብሎ መክሰስ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባ መስመሩን የሚያስተዳድረው የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ነው። መዘጊያው የትኛው ማንሆል ላይ እንደተገኘ በዕለቱ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ያልያዘ ከሳሽ ሁለቱ አካላት ጣት ሲጠቋቆሙበት መሐል ይቀራል።

ተከሳሹ ከታወቀ በኋላ በሥራ ላይ የሚውለው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ከመንግሥትም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። በቁጥር 2127 ሠራተኛው በሥልጣኑ ውስጥ፣ ለመንግሥት ጥቅም ሲል እንደሠራ በቅን ልቦና አምኖ ከሆነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው። ቁጥር 2128 ይህንኑ ወደ አስተዳደር ክፍሎችና ሕጋዊ ሰውነት ወዳላቸው የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶች ያሰፋዋል። መንገዱ ግልጽ ነው፤ ግን በጥፋት ላይ የቆመ ስለሆነ የሴንት ጆንስ ባለቤቶች በዚህ መንገድ ቢሄዱ ይሸነፉ ነበር፤ ቸልተኝነት አልተረጋገጠላቸውምና።

ስለዚህ አንዳንድ ጠበቆች ወደ ቁጥር 2069 መመልከታቸው አይቀርም። ይህ ቁጥር የሚፈነዳ ወይም መርዛማ ነገር የሚጠቀመውን፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋውን፣ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ የሚለውጠውን፣ ልዩ አደጋ ያለበት ኢንዱስትሪ የሚያካሂደውን ያለጥፋት ተጠያቂ ያደርጋል። የፍሳሽ መስመር በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በትርጉም ለማስገባት የሚደረገው ጥረትም የካናዳው ፍርድ ቤት የገጠመው ዐይነት መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ለከተማ ሰው ፍሳሽ መስመር ያልተለመደ አደጋ አይደለምና። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ያለጥፋት የሚጠይቀው ቁጥር 2077 ይልቅ ይቀርባል፤ መሬት ውስጥ የተሠራ የግንብ ቦይና ማንሆል ሕንፃ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን ዳኛ ሊመረምረው ይገባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንኡስ ቁጥር 8 ደግሞ ካሳን የሚያዝዘው ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ነው፤ የካሊፎርኒያዋ «ሲጎዳም» በውስጡ የለችም።

ጥፋትን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ባለበት በዚህ ሁኔታ ከሁሉ የሚቀድመው መዝገቡን ማስወጣት ነው። ክሱ ሲቀርብ የጽዳት መዝገቡ፣ የጥገና ትእዛዞቹ፣ ከዚህ በፊት ከዚያ ሰፈር የቀረቡ አቤቱታዎች ተለይተው ተጠቅሰው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርባቸው ይጠየቅ። በአንድ መስመር ላይ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ አቤቱታ ቀርቦ ሳይጸዳ ከቀረ ያ መዝገብ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል፤ የሁለተኛው ጊዜ ጎርፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ለከሳሹ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜውም እንዳይረሳ። በቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እንደ ስታንሞሩ ባለቤት ፍሳሽ በየዓመቱ የሚመለስበት ሰው በመጀመሪያው ጊዜ ታግሦ፣ በሁለተኛው አቤት ብሎ፣ በሦስተኛው ሊከስ ቢመጣ፣ የመጀመሪያው ጉዳት በይርጋ ሊቀርበት ይችላል። እያንዳንዱ መጥለቅለቅ የራሱ ቀን፣ የራሱ ዝርዝር፣ የራሱ ማስታወቂያ እንዲኖረው ደንበኛን ቀድሞ መምከር የሚገባው ለዚህ ነው።